የታካሚ ድርሻ

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው «ኮፔይ» የሚለውን ቃል በስልክ ሳይሰማው አይቀርም። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር ገና ከመግባቱ ሃያ ወይም ሠላሳ ዶላር ይከፍላል፤ መድኃኒት ሲወስድም እንዲሁ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ይህን የሚሰማ ሰው «ኢንሹራንስ ካለህ ደግሞ የምን ክፍያ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። አገሮች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት፣ በትልቅ ጥናት የተፈተነ ጥያቄ ነው። እዚሁ ጎጃም ውስጥ የጤና መድኅን ደብተር ባለበት ገበሬ ቤትም ጉዳዩ አለ፤ ስሙ ግን ብዙ አይጠራም።

ኮፔይ ማለት መድኅን የገባ ሰው ዓመታዊ መዋጮውን አስቀድሞ ከፍሎ ሳለ፣ ታሞ በሚታከምበት ዕለት ለዚያው ሕክምና ከኪሱ የሚጨምረው የተወሰነ ገንዘብ ነው። ቀሪውን ሒሳብ መድኅኑ ይከፍላል። ስለዚህ ባለመድኅኑ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ፣ ሌላ ጊዜ ታሞ። የመጀመሪያውን አባል የሆነ ሁሉ ይከፍለዋል፣ ሁለተኛውን ግን የታመመ ብቻ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው።

ይህ ክፍያ ዘመዶች አሉት። ኮፔይ በትክክለኛ ትርጉሙ ቁርጥ ነው፦ ሒሳቡ አነሰም በዛ፣ በአንድ ጉብኝት ይህን ያህል ተብሎ ይታወቃል። ሌላው በመቶኛ የሚሰላው ነው፤ ከጠቅላላው ሒሳብ አሥር ወይም ሃያ በመቶው በታካሚው ላይ ይወድቃል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ሰማንያ በመቶ ሸፍነው ሃያውን ለሠራተኛው ሲተዉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መድኅኑ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ታካሚው በዓመቱ ውስጥ ከኪሱ መጨረስ ያለበት የመነሻ ወጪ ነው፤ መኪናውን መድን ያስገባ ሰው በግጭት ጊዜ የመጀመሪያውን ወጪ ራሱ እንደሚችለው ያለ ነው። ለሦስቱም ጣሪያ ሊበጅላቸው ይችላል፤ ታካሚው በዓመት ከዚህ በላይ አይከፍልም የሚል። ጣሪያ የሌለው የመቶኛ ክፍያ ከሁሉም የከፋ ነው እላለሁ። ሰውየው ቀዶ ሕክምናው ስንት እንደሚፈጅ ሳያውቅ የሒሳቡን ሃያ በመቶ ተሸክሞ ይገባልና።

በአማርኛ ምን እንበለው? «የጋራ ክፍያ» የሚል አተረጓጎም ሲነገር ይሰማል። እኔ አልወደውም፤ ምክንያቱም አንባቢውን ወደ ተቃራኒው ይወስደዋል። በጋራ የሚከፈለው መዋጮው ነው። ሰው ሁሉ አዋጥቶ አንድ ቋት ውስጥ የሚያስገባው፣ ከዚያም የታመመው የሚታከምበት ገንዘብ ነው የጋራው። ኮፔይ ግን ከጋራው ቋት ውጭ የሚቀር፣ የታመመው ሰው ብቻውን የሚሸከመው ክፍል ነው። ስለዚህ «የታካሚ ድርሻ» ብንለው ማን እንደሚከፍል ከስሙ ይታወቃል። ቁርጡን «ቁርጥ የታካሚ ድርሻ»፣ በመቶኛ የሚሰላውን «የመቶኛ የታካሚ ድርሻ» ማለት ይቻላል። የመድኅን ውል የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ስም ቢይዙት ገበሬውም ጸሐፊውም በአንድ ንባብ ይረዱታል።

ወደ እኛው ሁኔታ ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ ገጠር የተዘረጋው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መነሻው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሙከራ ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር ጎጃም ነው፤ ስለዚህ ጎጃም ይህን ነገር ከሌሎች ሰምቶ ሳይሆን ራሱ ከጀማሪዎቹ ጋር ሞክሮ ነው ያወቀው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ለመደበኛ ተቀጣሪዎችና ለጡረተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶ ነበር፤ ያኛው ግን ትግበራው ተደጋግሞ እየተራዘመ ቆየ። ስለዚህ በሥራ ላይ ቀድሞ የተገኘው የገበሬው መድኅን ነው።

አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ አባወራው ወይም እማወራዋ ይመዘገባሉ፣ ደብተሩ ቤተሰቡን ይይዛል። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሰብል ገብቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወቅት። መክፈል የማይችሉ ተብለው በቀበሌው ሕዝብ ለተለዩ ድኾች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ። በሙከራው ጊዜ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ከአባላት በሚሰበሰበው ላይ 25 በመቶ ድጎማ ይጨምር ነበር። ደብተሩን የያዘ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒት፣ ለመኝታ አይከፍልም። ከሽፋኑ ውጭ የሆኑት እንደ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ውጭ አገር ሄዶ መታከም ያሉት ናቸው። ክትባትን፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን፣ የወሊድ አገልግሎትን የመሳሰሉት ደግሞ ድሮውንም መድኅን ላለውም ለሌለውም በነጻ የሚሰጡ ናቸው።

በአጭሩ የእኛ የገጠር መድኅን የተቀረጸው ያለ ታካሚ ድርሻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ድርሻ አለበት፤ ይህም ብዙ አባላት ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ የሚሰሙት ነው። በሙከራው ሥርዓት አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ማለፍ ነበረበት። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የሕክምናውን ግማሽ፣ ማለትም 50 በመቶውን ራሱ ይከፍላል። ይህ የመቶኛ የታካሚ ድርሻ ነው፣ ያውም ከባድ የሚባለው ዓይነት። ዓላማው ግን ገንዘብ መሰብሰብ ሳይሆን መንገድ ማስያዝ ነው፦ ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት ደብረ ማርቆስ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚሰለፍ ሰው ካለ፣ ከቢቡኝ ወይም ከሰናን ሪፈር ተጽፎለት የመጣው የጠና ሕመምተኛ ወረፋው ላይ ይወድቃልና። ለድንገተኛ አደጋ ሪፈር መጠየቅ እንደማይገባ ደግሞ ግልጽ ነው።

የታካሚ ድርሻን የሚደግፉ ሰዎች መከራከሪያቸው ቀላል ነው። ሕክምና ነጻ ከሆነ ሰው ያለ ምክንያት ይመላለሳል፣ መድኃኒት ያባክናል፣ ቋቱ ይደርቃል፤ ትንሽ ቢከፍል ግን ያስብበታል ይላሉ። ይህ ሐሳብ እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1974 ጀምረው በ1982 የጨረሱት ትልቅ ሙከራ አለ። ራንድ የተባለው የጥናት ድርጅት በምጣኔ ሀብት ባለሙያው ጆሴፍ ኒውሃውስ መሪነት ከ2,700 በላይ ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፍሎ ለአንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ነጻ ሕክምና፣ ለሌሎቹ 25፣ 50 ወይም 95 በመቶ ራሳቸው የሚከፍሉበት መድኅን ሰጣቸው፤ ለሁሉም ዓመታዊ ጣሪያ አበጀላቸው። የታካሚ ድርሻ የተጣለባቸው ሰዎች ሐኪም ጋ መሄድ ቀነሱ፤ ከፍተኛው ድርሻ የተጣለባቸው ወጪያቸው ነጻ ከሚታከሙት በሩብ ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ መጠን አነሰ።

እስከዚህ ድረስ ደጋፊዎቹ ልክ ነበሩ። ግን ሰዎቹ የቀነሱት ምኑን ነው? አላስፈላጊውን ብቻ አልነበረም፤ የሚጠቅማቸውንም በተመሳሳይ መጠን ቀነሱ። ታካሚ ሐኪም አይደለም፤ የደረት ውጋት የጡንቻ ይሁን የልብ፣ ራስ ምታቱ የድካም ይሁን የደም ግፊት ከቤቱ ሆኖ አይለየውም። ለብዙኃኑ ልዩነቱ ጤናን የሚጎዳ ሆኖ አልተገኘም። ድኻ ሆነው አስቀድሞም የታመሙት ግን ተጎዱ፦ የደም ግፊት የነበረባቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በነጻ ሲታከሙ ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ ቁጥጥር ውስጥ ገባ። ይህን ውጤት ስለ ታካሚ ድርሻ የሚወስን ማንኛውም ሰው በቃሉ ሊይዘው የሚገባ ይመስለኛል። ጀርመኖችም እ.ኤ.አ. በ2004 ሐኪም ጋ ለሚሄድ ሰው በየሩብ ዓመቱ 10 ዩሮ ጣሉ፤ በ2013 መጀመሪያ ራሳቸው አነሡት። ሩዋንዳ ደግሞ በገጠር መድኅኗ በጤና ጣቢያ 200 የሩዋንዳ ፍራንክ ቁርጥ ድርሻ፣ በሆስፒታል ከሒሳቡ 10 በመቶ አድርጋ፣ እጅግ ድኻ የሆኑትን ከዚህ ነጻ አወጣች።

እኛስ የትኛው ይሻለናል? በወረቀት ላይ ስሌቱ አጭር ነው። ሁለት ዓይነት መድኅን ቀረበልን እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው በዓመት 1,500 ብር መዋጮ አለው፣ ሲታመሙ ምንም አይከፈልም። ሁለተኛው መዋጮው 900 ብር ነው፣ ግን በእያንዳንዱ ጉብኝት 100 ብር የታካሚ ድርሻ አለው። ልዩነቱ 600 ብር ነውና በዓመት ከስድስት ጊዜ በታች ለሚታከም ሁለተኛው ይረክሳል፣ ከስድስት በላይ ለሚሄድ አንደኛው። አዲስ አበባ ብቻውን የሚኖር ወጣት ተቀጣሪ በዚህ ስሌት ሁለተኛውን ቢመርጥ አይሳሳትም። በጎዛምን ወይም በማቻከል ያለ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ቤተሰብ ግን ስድስቱን ጉብኝት በክረምቱ ብቻ ሊጨርሰው ይችላል፤ የሕፃን ተቅማጥ፣ የእናት የጨጓራ ሕመም፣ የአያት ሳል፣ ማረሻ የቆረጠው እግር ተደምረው።

ስሌቱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው እርሱ ነው። ጥር ላይ ያለ መቶ ብርና ነሐሴ ላይ ያለ መቶ ብር ለገበሬ አንድ አይደሉም። ጤፉ ተወቅቶ፣ ስንዴው ገበያ ወጥቶ ገንዘብ በሚያዝበት ጊዜ 600 ብር ጨምሮ መክፈል ይከብዳል እንጂ ይቻላል። ነሐሴ ላይ ጎተራው ተራቁቷል፣ የዘርና የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የቾቄ ተራራ ተዳፋት መንገዱ ጭቃ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ ጉብኝት መቶ ብር ማለት ዶሮ ማውጣት ወይም ጎረቤት ደጅ ቆሞ መበደር ነው፤ ያ ካልተገኘ ደግሞ «እስኪ ነገ ይሻለው ይሆናል» ብሎ ልጁን ይዞ ማደር። የታካሚ ድርሻ ያለበት መድኅን በዓመቱ ድምር ቢረክስ እንኳ ክፍያውን ከሚቻልበት ወር ወስዶ ወደማይቻልበት ወር ያዛውረዋል። መድኅን ከዚህ ካልታደገን ሌላ ምን ይሠራል? ስለዚህ ለጎጃም ደጋ ገበሬ መዋጮው ትንሽ ከፍ ብሎ ድርሻ የሌለበትን እመርጥለታለሁ፤ መዋጮውን ዝቅ አድርጎ ድርሻ መጣል ለቢሮ ሒሳብ የሚያምር፣ ለታማሚ ግን የሚጨክን አካሄድ ነው።

ተግባሩም ይህንኑ ይደግፋል። በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረገ ጥናት መድኅን የገቡ ቤተሰቦች የመንግሥት ጤና ተቋማትን የተመላላሽ ሕክምና የመጠቀም ዕድላቸው በ30 እና በ41 በመቶ መካከል መጨመሩን፣ በአንድ ጉብኝት የሚያወጡት ገንዘብም ከግማሽ በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ይህን ጭማሪ «ብክነት» ብሎ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ከዚያ በፊት የአገራችን ገጠር ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ምን ያህል አልፎ አልፎ እንደነበረ ለሚያውቅ ግን ጭማሪው የተዘጋ በር መከፈቱን ነው የሚናገረው።

ሆኖም የእኛ መድኅን ድርሻ የለበትም ብሎ ማለፍ እውነቱን መሸፋፈን ይሆናል። ደብተሩን ይዞ ተመርምሮ፣ ማዘዣ ተጽፎለት፣ ፋርማሲው መስኮት ላይ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የተባለ ሰው የታካሚ ድርሻ ከፍሏል። ያውም በውል ያልተጻፈ፣ መጠኑ ያልታወቀ፣ ጣሪያ የሌለው ድርሻ። ምርመራው «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ግል ላቦራቶሪ የተላከም እንዲሁ። ከሉማሜ ወይም ከአምበር ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚከፈለው የመኪና፣ የአስታማሚ ምግብና ማደሪያ መድኅኑ የማይነካው ሌላ ወጪ ነው። አባላት «መድኅን ገብተን ምን አተረፍን?» ብለው ደብተራቸውን ሳያሳድሱ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሳያሳድሱ የሚቀሩት ደግሞ ጤነኞቹ ከሆኑ፣ ብዙ የሚታመሙት ይቆያሉ፣ ቋቱም በዚያው መጠን ይሳሳል። የወረዳው መድኅን ጽሕፈት ቤት የመድኃኒት እጥረትን የጤና ጣቢያው ችግር አድርጎ ማየቱን ትቶ የራሱ ዕዳ አድርጎ ቢይዘው እወድዳለሁ፤ አባሉ ከውጭ የገዛበትን ደረሰኝ ተቀብሎ የሚመልስበት ሥርዓት ካለ፣ ሥርዓቱ ፈጣንና በቀበሌ ደረጃ የታወቀ ሊሆን ይገባል።

ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል በሄደ አባል ላይ የሚጣለውን የግማሽ ድርሻ ፍትሕም የሚወስነው ይኸው የጤና ጣቢያው ጉድለት ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የሚኖር አባል በአቅራቢያው የተሟላ ጤና ጣቢያ እያለ ሆስፒታል ቢሰለፍ 50 በመቶ ክፈል መባሉ ያስኬዳል። የቾቄ ሥር ነዋሪ ግን ጤና ጣቢያው ሄዶ «ላቦራቶሪ የለም» ተብሎ ተመልሶ፣ በማግስቱ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄድ፣ በሌላ ሰው ጉድለት ራሱ ይቀጣል። መንገድ አስያዥ ድርሻ ልክ የሚሆነው የሚያመለክተው መንገድ ክፍት ሲሆን ነው። ሪፈር መጻፍ የሚከለክል ወይም የሚያዘገይ ባለሙያ ባለበት ቦታ ደግሞ ያው ቅጣት የታካሚውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጊዜውንም ይበላል።

በውጭ አገር ያላችሁ፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ከመድን ኩባንያ የቡድን የጤና መድን የሚገዛላችሁ አንባቢዎች ምርጫው በየዓመቱ በእጃችሁ ይመጣል። መዋጮውን ብቻ አትዩ። ድርሻው ቁርጥ ነው ወይስ በመቶኛ? ዓመታዊ ጣሪያ አለው? ጣሪያው የሚከላከለው እናንተን ነው ወይስ ኩባንያውን? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ብዙ የቡድን ውሎች ላይ የሚጻፈው ጣሪያ ኩባንያው በዓመት ለአንድ ሠራተኛ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚልበት ነውና ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በታካሚው ላይ ይወድቃል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት የቤተሰብ አባል ካላችሁ በየወሩ የሚደጋገመውን የመድኃኒት ድርሻ በ12 አባዙት፤ ብዙውን ጊዜ ርካሽ የመሰለው መድን ውድ ሆኖ ይገኛል። ልጅ የሌላችሁ፣ ጤነኞችና በባንክ የጥቂት ወራት ቁጠባ ያላችሁ ከሆናችሁ ግን ድርሻ ያለበትን መርጣችሁ ልዩነቱን ብታስቀምጡ ምክንያታዊ ነው።

ደብተር የሚያሳድስ ገበሬ እንዲህ ያለ ምርጫ አይቀርብለትም፤ የወረዳው መድኅን አንድ ነው። መጠየቅ ግን ይችላል፤ ቀበሌው ለእድሳት ሲሰበሰብ ዓመታዊ መዋጮው ስንት ሆነ ከሚለው ቀጥሎ ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው ዓመት ከአባላቱ ስንቶቹ መድኃኒት ከውጭ ገዙ፣ ደረሰኝ ካመጡት ለስንቶቹ ተመለሰላቸው፣ ሪፈር ሳይዙ ሄዱ ተብለው ግማሹን የከፈሉት ስንት ናቸው፣ ከእነርሱስ ጤና ጣቢያ ሄደው የተመለሱ ነበሩ ወይ? እነዚህ ቁጥሮች በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተይዘው በስብሰባ ላይ ቢነበቡ የታካሚ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሲተመንም ክርክሩ በዚያ ላይ ይሆናል።